ሹራቡ ላይ የነበረው ሽታ

አባቴ ሌላ ሴት እንደያዘ ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ከአምስት ሳምንት መንገድ በኋላ፣ ደረጃውን ሲወጣ የእግሩን ኮቴ ለየሁና ሳያንኳኳ በሩን ከፍቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ካፖርቱ ባቡር ባቡርና ትምባሆ ትምባሆ ይላል። ከካፖርቱ ሥር ግን፣ እናቴ በእጇ በሠራችለት ሰማያዊ ሹራብ ላይ፣ ሌላ ሽታ ነበር። ዓሣ ነው። ያውም ፀሐይ ላይ ውሎ የከረመ ዓሣ፣ በዚያ ላይ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር የተቀላቀለበት።

«አባዬ፣ ምን ምን ትላለህ?» አልኩት።

ፈጥኖ አወረደኝ። «ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ ዓሣ የጫነ ሰውዬ ነበር፣ ድንቢጤ» አለና ቀና ብሎ እናቴን አየ። እናቴ ከሹራቡ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሳትስመው ሹራቡን አስወለቀችውና በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደችው።

አባቴ ዛካር ድኒፕሮፔትሮቭስክ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች በትልቁ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ትራክተር ይሠራል። ትራክተሮቹ ቀይ ቀለማቸው ሳይደርቅ በዋናው በር ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን አንዳንድ ቀን ከከተማው ዳር የሆነ ነገር ያገሳል፤ የሻይ ብርጭቆዎቻችን ቁም ሣጥን ውስጥ እርስ በርስ ይንጫጫሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እትዬ ግላፊራ መስኮቷን እየዘጋች «ትራክተሩ ተነሳ!» ትላለች። ግቢው በሙሉ ይስቃል፤ ማንም ግን ሌላ ቃል አይጨምርም። እኔ አንድ ቀን አባቴን «ምን ዓይነት ትራክተር ነው እንዲህ የሚያገሳው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የሚያርሰው ሩቅ ነው» አለኝ።

ለአምስት ሳምንት የጠፋውም ካዛክስታን ሜዳ ላይ ትራክተር ሊሞክር ነው ተብሏል። እኔ ግን ሞኝ አልነበርኩም። በኅዳር በረዶ ማን ትራክተር ይሞክራል? ደግሞ እሱ በሌለበት ወቅት እናቴ ልክ አልነበረችም። ዜና መስማት የማትወድ ሴት ራዲዮኑን ከጠዋት እስከ ማታ ከፍታ ትውል ጀመር። አንድ ቀን ስለ ድንች ምርት ሲያወራ የቆየው ሰውዬ በዚያው ድምፁ ኮስሞስ 379 የተባለች ሳተላይት ወደ ጠፈር መጥቃለች፣ መሣሪያዎቿም በደህና ይሠራሉ ብሎ ወደ አየር ጠባይ አለፈ። እናቴ ሊጥ የነካ እጇን እንደያዘች ዱካ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ። ሽንኩርት ግን አልነበረም፤ የምትሠራው የፖም ኬክ ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። እሷ የምታውቀውን እኔ በራሴ መንገድ ደረስኩበት፤ ማለቴ የደረስኩበት መሰለኝ። ከቤታችን ጥግ የዓሣ ሱቅ አለ። መስታወቱ አጠገብ ትልቅ ገንዳ ተቀምጦ ወፋፍራም ዓሦች አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ይዞራሉ። ሻጯ ታይሲያ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንድ የወርቅ ጥርስ አላት፤ ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። አባቴና እሷ ሳይቀላለዱ አይለያዩም።

«ታይሲያ፣ የዛሬው ዓሣሽ ይታመናል?» ይላታል።

«ካንተ ይሻላል ጋሼ ዛካር! ይኼ ቢያንስ ከገንዳው አይወጣም። አንተ አንድ ቀን አለህ፣ አንድ ወር የለህም!»

ወረፋው ሁሉ ይስቃል፣ አባቴም ይስቃል። እኔ እጁን እንደያዝኩ የታይሲያን እጅ አያለሁ። እርጥብ፣ ቀይ፣ ቅርፊት የተለጠፈበት እጅ ነው። ይኼ እጅ ሹራቡን ነክቶታል ብዬ አሰብኩ።

በጥር እንደገና ሄደ። በየካቲት ራዲዮኑ ኮስሞስ 398 አለ፣ እናቴም እንደገና ያለ ሽንኩርት አለቀሰች። አባቴ በመጋቢት ተመለሰ፤ ከስቷል፣ ያስለዋል፤ ሹራቡ ካለፈው የባሰ ይሸታል። በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ኮሪደር ላይ ጫማዬን እንደማስር ሆኜ አዳመጥኩ።

«ሁለቴ በኮምጣጤ አጥቤዋለሁ። አይለቅም» አለች እናቴ። «ይዘኸው አትግባ አልኩህ እኮ፣ ዛካር። እግዜር ያሳይህ፣ ለምን አትተወውም?»

«እሱን ካልለበስኩ እጄ አይታዘዘኝም።»

«ትናንት ልጅቷም አሸተተችው። ለኔ ባታስብ ለእሷ አስብላት። አንድ ቀን እዚያው ትቀራለህ፤ እኔ ደግሞ ለሰው እንኳ ነግሬ የማልቀስ መብት የለኝም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቷል፣ ኔሊ። በነሐሴ። ከዚያ በቃ።»

«ስንቴ አንድ ጊዜ አልከኝ?»

ከዚያ አባቴ ሲያስል ብቻ ተሰማ። እኔ ጫማዬን አስሬ ጨርሼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በነሐሴ አባቴ ወደዚያች ሴት ሄዶ አይመለስም ማለት ነው፤ እናቴ አምናዋለች፣ እሱም አልካደም። አባቴን እወደው ነበር። ከእናቴ አብልጬ እወደው ነበር፤ ይኼን ዛሬ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ዛሬ ያ ሽታ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ነዳጅ ነው። ሌላ ፈሳሽ ሲነካው ያለ ክብሪት በራሱ የሚቀጣጠል፣ እንደበሰበሰ ዓሣ የሚሸት፣ ሳንባና ጉበት የሚበላ መርዝ ነው። አባቴ የሮኬት ሞተር ሞካሪ ነበር። ደንቡ ነዳጁ አጠገብ የቆመ ልብስ ሁሉ እዚያው ሜዳው ላይ ይቅር ይላል፤ አባቴ ግን ከመከላከያው ቱታ ሥር የእናቴን ሹራብ እየደበቀ ይለብስ ነበር። ያለሱ ሥራ የሚሰምርለት አይመስለውም። በሒሳብና በመለኪያ የሚኖር ሰው በሹራብ ያመልካል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን ያመልክ ነበር። እነዚያ ሰዎች ሁሉም የየራሳቸው ነገር ነበራቸው።

ደብዳቤ መጻፍን ያስተማረችኝ እትዬ ግላፊራ ናት። ሚያዝያ ላይ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ወንበር ላይ ሴቶቹን ሰብስባ የራሷን ባል ታሪክ ስታወራ፣ እኔ ገመድ እዘል ነበር።

«ምን ጠበቃ፣ ምን ለቅሶ ያስፈልጋል! ለፋብሪካው ፓርቲ ኮሚቴ አንድ ወረቀት ነው የጻፍኩት። ‹ጓዶች፣ ባሌ ቤቱን ትቷል፣ ሥነ ምግባሩን አስተካክሉልኝ› አልኩ። ጠርተው አፋጠጡት። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ እንደ በግ እየተነዳ መጣ!»

«ዓይኑስ?» አለች አንዷ።

«ዓይኑ አሁንም ይዞራል። እግሩ ግን ቤት ነው!»

ሳቁ እስከ ጣሪያ ደረሰ። እኔ ገመዴን ጠቅልዬ ወደ ቤት ወጣሁ። ከሒሳብ ደብተሬ መሐል ባለ አራት ማዕዘን መስመሩን ወረቀት ገንጥዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

«ለተከበራችሁ ጓዶች። ሞተር ክፍል የሚሠራው ዛካር ኅዳር ላይ አምስት ሳምንት፣ የካቲት ላይ ስድስት ሳምንት ከቤቱ ጠፍቷል። ትራክተር እሞክራለሁ ይላል። በበረዶ ትራክተር አይሞከርም። ሹራቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በኮምጣጤ ሲታጠብም አይለቅም፤ ሲያሸቱት ዓይን ያስለቅሳል። የዓሣ ሱቋን ታይሲያን ጠይቋት። በነሐሴም ሊሄድ ነው። እባካችሁ እንዳይሄድ አድርጉልን።»

ስሜን አልጻፍኩም። ፋብሪካው በር ላይ ሠራተኛ አስተያየት የሚከትባት ሰማያዊ ሣጥን ነበረች፤ በእግር ጣቶቼ ተንጠራርቼ አስገባሁት። ዘበኛው «ለማን ነው ደብዳቤው፣ ትንሿ?» አለኝ። «ለጓዶች» አልኩት። ሰላምታ ሰጠኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። የጻፍኩት ስለ ሴት መሰለኝ። ያን ወረቀት የሚያነብ፣ ምስጢር ጠባቂ የሆነ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነባል። የጉዞው ወራት አለበት፤ የሚቀጥለው ጉዞ ወር አለበት፤ የነዳጁ ሽታና ዓይን ማስለቀሱ አለበት። አንድ ሠራተኛ ደንብ ጥሶ መርዝ የነካ ልብስ ቤቱ ያስገባል፣ ቤተሰቡም ሁሉን ያውቃል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይኼ እስር ቤት ያስገባ ነበር። እናቴንም ጭምር።

ከሳምንት በኋላ፣ በግንቦት፣ አባቴ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤት መጣ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴን ክንዷን ይዞ መታጠቢያ ቤት አስገባትና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከበሩ ሥር የሚሰማኝ የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። ግድግዳም ጆሮ አለው ሲባል ስሰማ የኛ ቤት ግድግዳ ጆሮ ይኑረው አይኑረው አላውቅም ነበር፤ እነሱም አያውቁም፤ ለዚያ ነው ቧንቧው።

ሲወጡ እናቴ የራስ ሻሿን አሠረችና «እዚህ ጠብቂ» ብላኝ ወረደች። አልጠበቅኩም። ተከተልኳት። የዓሣ ሱቁ ለምሳ ተዘግቶ ነበር፤ መስታወቱን ቆረቆረች፣ ታይሲያ ከፈተችላት። እኔ ከውጭ ሆኜ በገንዳው በኩል አየኋቸው። ውሃው ሁለቱንም አጣሞ ያሳየኛል፤ ዓሦቹ በፊታቸው ላይ ያልፋሉ። እናቴ ብዙ አወራች። ታይሲያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እናቴ ቁልቁል ጠፋች፣ ታይሲያም ጎንበስ አለች፤ ሲነሱ ተቃቅፈው ሁለቱም ያለቅሳሉ።

ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እናቴ ይዛታለች! ታይሲያ ጥፋቷን አምና ይቅርታ ለምናለች!

የለመነችው እናቴ ናት። እርጥቡ የሱቅ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ነገ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁሽ ‹አዎ፣ ዛካር ወዳጄ ነው› በይ ብላ ለመነቻት። አባቴ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ ተጠርቶ እንደዚያ ብሎ ነበርና። የፓርቲ ኮሚቴው ጸሐፊ ደብዳቤውን አንብቦለት፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ምስጢር ጠባቂው ሰውዬ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሲያየው፣ አባቴ በቅጽበት አሰላው። ሽታው የነዳጅ ነው ቢል ጠፋን። ሽታው የዓሣ ነው ቢል ግን የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። «እውነት ነው፣ ጓዶች፤ ከታይሲያ ጋር ነኝ» አለ። ታይሲያስ ለምን እሺ አለች? ምስጢሩን አልነገሯትም። ከእናቴ አፍ የሰማችው «ልጄ አባት አልባ ልትሆን ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ያን ቀን አባቴ ሹራቡን ግቢ ውስጥ የቆሻሻ ማቃጠያው በርሜል ውስጥ ጨምሮ ላይተር ለኮሰበት። ከጠበቅኩት በላይ ፈጥኖ ነደደ። እናቴ አጠገቡ ቆማ ታያለች፤ ክር በክር ክረምቱን ሙሉ የሠራችው ነው፤ አልከለከለችውም። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ከዚያች ሴት ጋር ያለውን ነገር እያቃጠለ መስሎኛል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እኔ እንደፈለግኩት ሆነ። ፋብሪካው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አባቴን ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት አቅፎ ሣሉት፤ ግላፊራ አይታ ለግቢው አወራች። ከባድ ተግሣጽ ተሰጠው፣ ከሙከራው ቡድን ተነሳ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ቆጣሪ ሆነ። በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቤት ይገባል። ወረፋ ላይ ሴቶች እናቴን «አይዞሽ ኔሊ፣ ወንድ እኮ ነው» ይሏታል፤ እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች አንገቷን ትደፋለች። ታይሲያን ከሱቁ አባረሯት። ወንዙ ላይ የጭነት ጀልባ የሚነዳ እጮኛ ነበራት፤ እሱም ቀለበቱን አስመለሰ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሸንፌያለሁ። እትዬ ግላፊራን ሳያት በልቤ አመሰግናት ነበር።

ነሐሴ መጣ። አባቴ ዕረፍት ወስዶ ጠዋት ጠዋት ድኒፐር ዳር ይዞኝ ይሄዳል። በስድስተኛው ቀን ውሃው ላይ ጠጠር እየወረወርኩ ሳለ ሰዓቱን ደጋግሞ እንደሚያይ አስተዋልኩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ታይሲያን እየጠበቀ ነው ብዬ ደነገጥኩና ዳርቻውን በዓይኔ ቃኘሁ፤ አንድ ሽማግሌና ሁለት ዝይዎች ብቻ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አባቴ ተነሳ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ምንም ወደሌለበት ሰማይ፣ ለብዙ ጊዜ ቆመ።

«አባዬ፣ ምን ታያለህ?»

«ምንም» አለኝ። «ከዚህ አይታይም።»

ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ታይሲያ ናፍቃው ነው ብዬ ተናደድኩበት፤ እጁን ለቅቄ ብቻዬን ወደ ቤት ሮጥኩ። በማግስቱ ራዲዮኑ ኮስሞስ 434 መጥቃለች፣ መሣሪያዎቿ በደህና ይሠራሉ አለ። አባቴ ማንኪያውን አስቀምጦ እናቴን «ያለኔም ተነሳች» አላት። ሳህኑን ሳይጨርስ ተኛ።

አሥር ዓመት አለፈ። ካርኮቭ መምህራን ማሠልጠኛ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለዕረፍት መጥቻለሁ። አባቴ ታሟል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ሐኪሞቹ ካርዱ ላይ መጠጥ ብለው ጽፈውበታል፤ አባቴ በዓመት ሦስት ብርጭቆ ቢጠጣ ነው። እሱም አልተከራከራቸውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረ ሰው ነው።

ነሐሴ ነበር፤ ወጥ ቤት ተቀምጠናል። እናቴ የቼሪ ማርማላታ ታማስላለች፣ አባቴ ሐብሐብ ይቆርጣል፣ ትንሿ ራዲዮን የውጭ ጣቢያ ይዛ ታፏጫለች። በዚያ ጩኸት መሐል አንድ ሰው በሩሲያኛ እንዲህ አለ፤ ኮስሞስ 434 ከጠፈር ወርዳ አውስትራሊያ ላይ ተቃጥላለች፤ ሕዝቡ የኑክሌር ነገር ይኖርባታል ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ሞስኮ ግን አትስጉ፣ የሙከራ የጨረቃ ማረፊያ ናት ብላለች።

አባቴ ቢላውን አስቀመጠ።

«ነገሯቸው» አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «አሥር ዓመት አፌን ለጉመው፣ ለገዛ ልጄ ያልነገርኩትን ለአውስትራሊያ በግ አርቢ ነገሩት!»

«ዛካር፣ ቀስ በል» አለች እናቴ፤ እጇ ወደ ቧንቧው ሄደ።

«ተይው፣ ኔሊ። ካሁን በኋላ ምን ያደርጉኛል?»

ያን ቀን ሁሉን ነገረኝ። ጨረቃ ላይ አንድ ሰው አውርዳ የምታነሳ ጎጆ ነበረች። የሚያወርደውም የሚያነሳውም ያው አንድ ሞተር ነው፤ እምቢ ካለ ሰውዬው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሰው ከመግባቱ በፊት ባዶዋን ሦስት ጊዜ ሰደዷት፤ ምድርን እየዞረች ሞተሯን አጥፍታ እንድታስነሳ፣ ጨረቃ ላይ ያለች እንዲመስላት። ሦስቱም ታዘዙ። አንዴም አላሳፈሩትም።

«ሰውስ ገባባት?» አልኩት።

«አልገባም። እሷን ተሸክሞ የሚሄደው ትልቁ ሮኬት እየፈነዳ አስቸገረ፤ ነገሩም ቀረ። እኛ ግን የበኩላችንን ሠርተን ነበር።» ጣቱን የሐብሐብ ቅርፊት ላይ አዞረ። «ሦስተኛዋን ባያት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ሞተሯን እኔ ነኝ በእጄ የገጠምኩት።»

«ለምን አልሄድክም?» አልኩ። መልሱ እየመጣ እንደሆነ ከአጥንቴ ውስጥ ይሰማኛል።

እናቴ የማርማላታ ጠርሙስ ልታመጣ ወደ በረንዳ ወጣች። አባቴ እስክትርቅ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ጸሐፊው፣ ጥግ ላይ ስለ ተቀመጠው ሰውዬ፣ ስለ ታይሲያ ነገረኝ። «አንድ ቀን እንኳ ነክቻት አላውቅም» አለ። «እንጀራዋንም ትዳሯንም አሳጣኋት። እናትሽ ተንበርክካ ለምና ነው እሺ ያሰኘቻት። አሁን ዳቦ ቤት ውስጥ ሻጭ ናት። አላገባችም።»

«አባዬ፣ ደብዳቤውን...» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ነበር። የሒሳብ ደብተርሽን ማታ ማታ የማርመው ማን ሆነና?»

«ለምን አልገረፍከኝም? ለምን አንድ ቃል አላልከኝም?»

«ብነግርሽ ምስጢሩን ልነግርሽ ነው። ካልነገርኩሽ ደግሞ ለምን ብዬ እቆጣሻለሁ? አባቷ እንዳይሄድባት የጻፈች ልጅ ናት።» ቢጫ ዓይኖቹን ከኔ ላይ አላነሳም። «እናትሽ እስከ ዛሬ ግላፊራ የጻፈችው ይመስላታል። ተያት፣ እንደዚያው ይምሰላት። አሁን እሷን ማሳዘን ምን ይረባል?»

እናቴ ጠርሙሶቹን ታቅፋ ገባች። «ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አለች።

«አውስትራሊያ አሳዝኗት ነው» አለ አባቴ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሚያዝያ ሞተ። እንደ ደንባችን ሬሳውን ግቢ አውርደን ሁለት ዱካ ላይ አኖርነው። እናቴ በራስጌው ተቀመጠች፣ እኔ ከጎኗ። ጎረቤቱ ዙሪያውን ቆሟል፤ ከፋብሪካው የመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ታታሪው የትራክተር ሠራተኛ ተናገሩ። በመሐል ግላፊራ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ስትጎሽማት አየሁ። በግቢው በር ታይሲያ ገብታለች። አርጅታለች፤ ጥቁር ሻሽ አሥራለች፤ ሁለት ቀይ አበባ ይዛለች። ሰዉ እንደ እሳት ሸሻት፤ በመሐል መንገድ ተከፈተላትና ብቻዋን ቀረች።

«ዓይን አውጣ!» አለ አንድ ድምፅ። «ሚስቱ ፊት!»

እናቴ ተነሳች። ሰዉ ሁሉ ጠብ ጠበቀ። እናቴ ሄዳ ታይሲያን በክንዷ ያዘቻትና በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል ወደ ራስጌው አመጣቻት። ለምን እንደሆነ ለማንም ልትናገር አትችልም፤ አልተናገረችም። እኔ ከዱካዬ ተነሳሁላት።

«ተቀመጪ ልጄ፣ አባትሽ እኮ ነው» አለችኝ ታይሲያ።

«አይሆንም እትዬ። አንቺ ተቀመጪ።»

እናቴ እጄን ጨብጣ «የአባቷ ልጅ» አለች፤ በኩራት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ሲመጣና እናቴ አባቴ ላይ ስትወድቅ፣ ወደ ታይሲያ ጆሮ ጎንበስ ብዬ፣ «ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላም ያልተነገረሽ አለ» አልኳት።

አልዞረችም። እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ተጨበጠ። ምስማሩ ሲመታ ቆይታ፣ እኔን ሳታይ፣ «ዛሬ አባትሽን ቅበሪ» አለችኝ። «ነገ ነይ። ዳቦ ቤቱ በአንድ ሰዓት ይከፈታል።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ወረፋ ያዝኩ።